አደይ በወረቀት

በእናቴ ቤት ከወረቀት የማይሠራ አበባ አንድ ብቻ ነበር፤ አደይ።

ያሳደገችን የወረቀት አበባ እየሠራች ነው። ለሠርግ አዳራሽ ነጭና ሮዝ፣ ለትምህርት ቤት በዓል አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። የቀብር ጉንጉን ሲታዘዝ ደግሞ ሬዲዮኑን ዘግታ ነው የምትሠራው። ክረምቱን ሙሉ እኔና ታላቅ እህቴ መቀስ ይዘን አጠገቧ እንቀመጣለን።

ክሬፕ ወረቀት የራሱ ጠባይ አለው። ሽብሽቡ በአበባው ቅጠል ቁመት እንዲሄድ ሆኖ ካልተቆረጠ እሺ አይልም። ከተቆረጠ በኋላ መሐሉን በሁለት አውራ ጣት ወደ ግራና ቀኝ ሳብ ሲያደርጉት ጎድጎድ ይልና ነፍስ ይዘራል። ለእምብርቱ በጠርዙ የተተለተለ ወረቀት ሽቦ ጫፍ ላይ ይጠቀለላል፤ ቅጠሎቹ ዙሪያውን በክር ይታሰራሉ፤ ሽቦው አረንጓዴ ይለብሳል። ሙጫችን የተበጠበጠ ዱቄት ነበር። እህቴ ሦስት ስትጨርስ እኔ ገና አንዱን አበላሻለሁ።

«አደይስ?» ስንላት «አደይ ራሱ ነው የሚመጣው» ትለን ነበር። ክረምቱን ታግሦ መስከረም ሲጠባ ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰውን አበባ ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ መደርደር ለእሷ በአዲስ ዓመት ላይ መቀለድ ነው። ለእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ይዘው ለሚመጡ የሰፈር ልጆች ግን ሳንቲም ትሰጣለች። «እሱስ ወረቀት አይደል?» ብንላት «እሱ እስከ መስቀልም አይቆይ፣ ይቀደዳል» ብላ አፋችንን ታስይዘናለች።

እህቴ ቤይሩት ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። መሄዷን ያወቅነው ከአየር ማረፊያ ስትደውል ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ አነጋግራት አታውቅም። ደህና መሆኗን የምነግራት እኔ ነኝ፤ «እ» ብላ ታልፈዋለች። ገንዘቡን ግን እንቀበላለን፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ፎቶ ላከችልኝ። የምትሠራበት ቤት የወጥ ቤት መስኮት ላይ፣ ብርጭቆ ውስጥ፣ አምስት አደይ አበባ። የሠራችው ከስጦታ መጠቅለያ በተረፈ ስስ ቢጫ ወረቀት ነው። «እዚህ መስከረም መጥባቱ በምንም አይታወቅም» ትላለች በድምፅ መልእክቷ።

ለእናቴ ላሳያት ወይስ ልተወው እያልኩ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። ማታ ስልኩን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። ጣቷ ሲነካው ፎቶው ሰፋባትና ደንገጥ አለች፤ ከዚያ የአንዱን አበባ ቅጠሎች አንድ በአንድ ቆጠረች። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ተነሥታ ሬዲዮኑን ትዘጋለች ብዬ ፈራሁ።

«ሽቦው ወፍሮባታል» አለች በመጨረሻ። «አደይ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንዴ? ነፋስ ጎንበስ ያደርገዋል።»

«ልንገራት?»

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ!» አለችኝና ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «የቱን ነው የምነካው?»