ወደ አዳማ ሲወርዱ የመመለሻውን ዳገት ያስቡ

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ቤተሰቦች በርክተዋል። ልጆችዎን ይዘው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲጓዙ ከስንቁ በፊት ባትሪውን ያስቡ። አዳማ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በፍጥነት መንገዱ ቁልቁል ሲወርዱ መኪናዋ ኃይል መልሳ ስለምታጠራቅም ባትሪው ከመመለሻው ያነሰ ይጎድላል። ይህ አያዘናጋዎት፤ መመለሻው ዳገት ነውና ባትሪውን ይበላል።

ከሞጆ ታጥፈው በመቂና በባቱ በኩል ሻሸመኔ ድረስ የሚዘልቁ ከሆነ ግን መንገዱ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚያድሩበትን ሆቴል አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ፤ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? መብራት ቢጠፋስ ጄኔሬተር አለ? ከተራ ሶኬት ሲሞላ ሌሊቱን ሙሉ፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሕፃን ታቅፎ በጨለማ መንገድ ዳር መቆም አደጋ ስለሆነ ባትሪው ከሩብ በታች ሳይወርድ ይሙሉ።

ባቱ ካደሩ ልጆቹ ጧት የሐይቁን ወፎች ይዩ። የዓሣውን አጥንት ለትንንሾቹ ራስዎ ይልቀሙላቸው።