የውጅግራ ጥይትና ዒላማ

በኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ የሚታቆረው የአትባራና የተከዜ ውኃ በሚነሣባት ኢትዮጵያ፣ ጥይት በአንድ ወቅት ገንዘብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የውጅግራ ፍሬ በየገበያው እንደ ብር ዝርዝር ያገለግል ነበር። የውጅግራ ስም የመጣው በ1874 እ.ኤ.አ. ከተሠራው የፈረንሳዮች ጠመንጃ፣ ከፉዚ ግራ ነው። ለገበያተኛ የጥይቱ መልክ ይበቃዋል፤ ለተኳሽ ግን ቁም ነገሩ ውስጡ ነው። ባሩዱ እርጥበት ከነካው አይነሣም፤ ልኩ ከፍሬ ፍሬ ከተለያየም፣ እጅ ቢጸና እንኳ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለዒላማ ልምምድ ርካሽ ጥይት መምረጥ ነውር የለበትም፤ ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። ቃታው ተስቦ ያልፈነዳውን ጥይት አበው «ከሸፈ» አሉት። ቃሉ ዛሬ ለዕቅድም ለተስፋም ይነገራል።