ሮም ከሄዳችሁ ድንጋዩንም አንብቡ

ሮም የሄደ ሐበሻ መቼም ኮሎሲየም ፊት ለፊት ፎቶ ሳይነሳ አይመለስም። ፎቶው ለዘመድ ይደርሳል፣ «አምሮብሃል!» ይባላል፣ አለቀ። እኔ ግን ዛሬ የምወስዳችሁ ሌላ ሰፈር ነው። ኳስ ከወደዳችሁ በቴሌቪዥን ሳታዩት አትቀሩም። ሮማና ላትሲዮ የሚጫወቱበት ኦሊምፒኮ ስታዲየም ያለበት፣ ፎሮ ኢታሊኮ የሚባለው ግቢ ነው።

ሮም የሚኖር አንድ ወዳጄ ትኬት ቆርጦልኝ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ደረስን። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽቅብ የተተከለ ረጅም ነጭ እብነ በረድ ነው። ከላይ እስከ ታች «ሙሶሊኒ ዱክስ» ተብሎ ተቀርጾበታል። ዱክስ በላቲን መሪ ማለት ነው። ጣሊያንኛ እያለ ላቲን ምን አመጣው? አትሉም?

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1932 ግቢውን ሲያስመርቅ ዓላማው ስፖርት ብቻ አልነበረም። «እኛ የቄሣሮቹ ልጆች ነን፣ ዓለምን መግዛት የአባት ውርሳችን ነው» ማሰኘት ነበር። ለዚህ ደግሞ ከንግግር ይልቅ ድንጋይ ያሳምናል። ኦሊምፒኮ አጠገብ ያለውን የእብነ በረድ ስታዲየም ወደ 60 የሚጠጉ ግዙፍ የስፖርተኛ ሐውልቶች ከበውታል። ቦክሰኛው ሳይቀር የጥንት አምላክ መስሎ ቆሟል፣ ሁሉም እንደ ወተት ነጭ! የሚገርመው፣ የጥንቶቹ ሐውልቶች ብዙዎቹ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ዘመን ቀለሙን አራገፈው እንጂ።

ከነጩ ሐውልት ወደ ኦሊምፒኮ የሚወስደው መንገድ ያኔ የኢምፓየር አደባባይ ይባል ነበር። መሬቱ የሞዛይክ ሥዕል ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ቀን የተቀረጸባቸው የእብነ በረድ ድንጋዮች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ግንቦት 9 ቀን 1936 አነበብኩ። በኛ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጦሩ አዲስ አበባ በገባ በአራተኛው ቀን ሙሶሊኒ ኢምፓየሩን ያወጀበት! ድንጋዩ ላይ አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ ቢራውን ይጠጣል። ወዳጄ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ሲመላለስ አንድም ቀን አላነበበውም። «ኳስ ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ ድንጋይ?» አለኝና እሱም ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያኖቹ ሌሎች ቀኖች ጨምረዋል፦ ፋሺዝም የወደቀበትን ሐምሌ 25 ቀን 1943፣ ሪፐብሊክ የመረጡበትን ሰኔ 2 ቀን 1946፣ ሕገ መንግሥታቸው የጸናበትን ጥር 1 ቀን 1948። የካቲት 12 ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የምክር ቤታቸው አፈ ጉባዔ የሙሶሊኒ ስም ይፋቅ ቢሉ አገር ተንጫጫ። እኔን ብትጠይቁኝ አይፋቅ። የኛ የካቲት 12 አጠገቡ ይጻፍ።

የአክሱም ሐውልትስ? እሱም የዚሁ ድራማ ተዋናይ ነበር። አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10 ዓመት ከግብፅ ሐውልት አስመጥቶ፣ ቺርኮ ማሲሞ በሚባለው የፈረስ መጋለቢያ ተከለ። ሙሶሊኒም በ1937 የኛን ወስዶ እዚያው ቺርኮ ማሲሞ ጫፍ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ፊት አቆመው። ስርቆቱንም ቦታውንም ኮረጀ! የኛው በ2005 አገሩ ገብቷል። የግብፁ ግን ዛሬም ሮም ነው፤ ፖፖሎ አደባባይ መሐል ታገኙታላችሁ። ከእሱ ተነስታችሁ በፍላሚኒያ ጎዳና ቀጥ ብላችሁ ወንዙን ከተሻገራችሁ ፎሮ ኢታሊኮ ሩቅ አይደለም። የጨዋታ ቀን ከሆነ ቀደም በሉ፤ ድንጋዮቹ ላይ ሰው ይቀመጥባቸዋል።