የአዋሽ ዳር የጎማ ሐረግ

ከቦሌ ተነስቶ በጎሮና በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አየር ወደ ሌላ ይሻገራል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ማለዳው ሹራብ ያስለብሳል። አዳማንና ወለንጪቲን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ወርዷል፤ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ከፊት የፈንታሌ ተራራ፣ ከሥሩ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን ያስጨነቀው የበሰቃ ሐይቅ፣ ዙሪያውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ግራር።

የመጣሁት ግን ለተራራውም ለሐይቁም አልነበረም። በዚህ ቆላ፣ ከምሥራቅ ሸዋ አንስቶ እስከ አፋር፣ በአዋሽ ተፋሰስ የሚዛመት አንድ ሐረግ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ክሪፕቶስቴጂያ ግራንዲፍሎራ ነው፣ በብዙ አገር የጎማ ሐረግ ይባላል። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው።

አበባውን ማድነቅ ግድ ይላል። ነጭና ፈዛዛ ሐምራዊ የተዋሃደበት፣ አምስት የአበባ ቅጠል ያለው፣ ሥሩ ጠቦ አፉ የሰፋ ጥሩምባ ነው። ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ነው። ድጋፍ ሲያጣ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቆማል፤ ዛፍ ካገኘ ግን ተጠምጥሞ እስከ ጫፉ ይወጣል፣ ከላይ ይዘረጋና ፀሐይ ይከለክለዋል። ከሥሩ የዋለው ግራር ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ሣሩም አብሮ ይጠፋል። ፍሬዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የሚወጡ ጠንካራ ቀንዶች ናቸው። ደርቀው ሲፈነዱ በመቶ የሚቆጠር ዘር ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዘር ነጭ የሐር ጭራ ስላለው ነፋስ ይወስደዋል፣ ወንዝ ዳር ከወደቀም ጎርፍ ተሸክሞ ያደርሰዋል። አዋሽ ሞልቶ በሜዳው ሲንጣለል ለዚህ ተክል ጥሩ ተሸካሚ ነው።

ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ይፈሳል። የቁልቋል ወተት ዓይን ላይ የሚያደርሰውን የሚያውቅ አበሻ ሁሉ እጁን ይሰበስባል፤ መሰብሰብም አለበት። የዚህ ሐረግ ወተት ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፣ የደረቀው ብናኙም አፍንጫ ያሳብጣል። የከፋው ግን በውስጡ ያለው የልብ መርዝ ነው። ተክሉ የመረንዝ ዘመድ ነው፣ ቤተሰባቸው አንድ ነው። የመረንዝን መርዝ የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ፍላጻ ጫፍ ላይ ይቀቡት ነበር፤ የጎማ ሐረግም የልብን ምት የሚያዛባ የዚያው ዓይነት መርዝ ይዟል። ድርቅ መጥቶ ሌላው ሁሉ ሲነጣ ይህ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የተራበ ከብት ደግሞ አረንጓዴ ነገር ካየ ሊግጥ ይችላል፤ ከበላም ሊሞት ይችላል። በከብቱ ለሚኖር አርብቶ አደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የአፋር አርብቶ አደሮች ሐረጉን ያዩበትን ቦታ በካርታ አስፍሯል። እኔም ትክክለኛው አካሄድ ይሄ ይመስለኛል፤ ከብቱን ተከትሎ የሚውል ሰው ከማንም አስቀድሞ ያየዋል።

ይህን ተክል ከማዳጋስካር ያወጣው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ወደ አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ያመጡት በ1875 እ.ኤ.አ. ገደማ ነበር፤ ምክንያቱም አበባው ነበር፣ የማዕድን ከተሞች ደጃፍ ላይ ይተክሉት ጀመር። ከግቢ አምልጦ ወንዝ ለወንዝ ተጓዘና 700 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ወረረ። በሄይቲ ደግሞ ያስፈለገው ወተቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የሩቅ ምሥራቅን የጎማ እርሻ ስትይዝ አሜሪካ ጎማ ቸገራት፤ በ1942 እ.ኤ.አ. ሻዳ በሚባል ኩባንያ በኩል ሐረጉ በሄይቲ በሰፊው መተከል ጀመረ። በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ከመሬታቸው ተነሱ፣ የፍራፍሬ ዛፎቻቸው ተቆረጡ። ወተቱ ግን የሚገኘው የሐረጉን ጫፍ እየቆረጡ በጠብታ ነበርና የተሰበሰበው ጎማ ለድካሙ የሚመጥን አልሆነም። በ1944 እ.ኤ.አ. ሥራው ተቋረጠ፤ ገበሬው የተቆረጠ ማንጎውን የሚተካለት አላገኘም።

ወደ መነሻችን ስንመለስ፣ ቦሌን ከዚህ ሐረግ የሚያስጥላት ከፍታዋ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ለቆላ ተክል አይመችም። ሆኖም በገርጂና በሲኤምሲ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትን አልፎ የሚሄድ ሁሉ እንደሚያየው፣ እኛም ለአጥራችን ሐረግ የምንመርጠው በአበባው ቀለም ነው። ቡገንቪሊያ ከእሾሁ በቀር ብዙ አያስፈራም። ሌላውን ግን ወተት አለው ወይ፣ ልጅ ቢነክሰው ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ሻጩም ሳይጠየቅ ቢናገር፣ ችግኝ ወደ አገር የሚያስገባውም ከመሸጡ በፊት ቢያጣራ እወዳለሁ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካወጣ በእጅ ጓንት መያዝ፣ ትርፍራፊውን ከበግና ከፍየል ማራቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ኩዊንስላንዶች ሐረጉን ለመግታት ሁለት ነገር ጠቅሟቸዋል። አንዱ እሳት ነው፤ ከሥሩ በቂ ሣር ካለ ቃጠሎ ይገድለዋል። ሌላው ከማዳጋስካር ያመጡት የዋግ በሽታ ነው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ለቀቁት፤ ቅጠሉን እያረገፈ አበባና ዘሩን ይቀንሳል። በአዋሽ ዳር እሳቱ አስቸጋሪ ነው፤ ሐረጉ ሣሩን አስቀድሞ ስለሚጨርስ የሚቃጠል አይተርፍም፣ የተረፈውም የከብት መኖ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ያለው መንገድ ገና አዲስ የበቀለውን፣ ቀንዱን ሳያወጣ፣ ከነሥሩ መንቀል ነው፤ ይህም ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ነው።