ለእታለም፣ ስለ እትዬ የላቦራቶሪ ወረቀት

እታለም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእትዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

ለቅሶው ላይ «አልቡሚናቸውም አይረናቸውም አልቆ ነበር፤ በጾሙ ሽሮ ብቻ እያበላሁ የጎዳኋቸው እኔ ነኝ» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው በተሰበሰበበት መመለስ አልሆነልኝም። እነዚያን ቁጥሮች ላቦራቶሪ ውስጥ በየቀኑ ስለማያቸው ይኸው እጽፍልሻለሁ።

አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን በጤነኛ ሰው በዴሲ ሊትር ደም ከ3.5 እስከ 5 ግራም ነው። ጉበት ከሠራው በኋላ ግማሹ እስኪያልቅ 20 ቀን ገደማ ይፈጃል። የእትዬ ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገቡ በሁለት ቀን አሽቆለቆለ። የምግብ ማነስ እንዲህ አይቸኩልም፤ ደግሞስ ሽሮ ራሱ ፕሮቲን አይደለም እንዴ? ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ሲሰራጭ ረቂቅ የደም ሥሮቻቸው ማፍሰስ ጀመሩ፤ አልቡሚኑም ከውሃው ጋር ወደ ሰውነታቸው ሾለከ። እጃቸው አብጦ ቀለበታቸውን በሳሙና ያወጣሽላቸው ለዚህ ነው። ጉበታቸውም አልቡሚኑን ትቶ ለውጊያው የሚያስፈልጉትን ፕሮቲኖች ወደ መሥራት ዞረ።

አይረኑም አላለቀም። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይለቅና አይረኑን ሴሎች ውስጥ ያስቆልፈዋል፤ ባክቴሪያ ያለ አይረን መራባት ይቸግረዋላ። ወራሪ መጣ ሲባል እህሉን ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀብር ገበሬ ማለት ነው። ዚንካቸው ቢለካ ኖሮ እሱም ወርዶ ይገኝ ነበር፤ ጉበት ከደም ይስበዋልና። መዳብ ግን በዚያው ሰዓት ተሸካሚው ፕሮቲን ስለሚበዛ ከፍ ይላል። ነገሩ የማጣት ቢሆን ሁሉም አብሮ በወረደ ነበር።

ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረሽ ያጣሽው አልቡሚንም እንቅልፍ አይንሳሽ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ወደ 7,000 በሚጠጉ ጽኑ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። በ28 ቀን ውስጥ አልቡሚን ከተሰጣቸው 726፣ ተራ ሳላይን ከተሰጣቸው ደግሞ 729 ሰዎች አርፈዋል። ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። ጀርመን አገርም እንደ ዚንክ ያለው ማዕድን ሴሌኒየም ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን በደም ሥር በብዛት ተሰጥቶ ሞትን አልቀነሰም። እትዬን የወሰደብን ኢንፌክሽኑ ነው፤ አንቺ ያጎደልሽባቸው ነገር የለም።

ወረቀቱን አትቅደጂው። ለአርባው ስመጣ መስመር በመስመር አነብልሻለሁ፤ የከነከነሽን ሁሉ ጠይቂኝ። እህል አልቀምስ ብላለች ሲሉ ሰምቻለሁና እባክሽ እስከዚያ ብዪ።

ወንድምሽ