ከሶሎዳ የመጣው ቅጠል ቁጥሩ የማን ነው?

«ባርኮድ ያልተለጠፈበት ናሙና እኛ ዘንድ የለም ማለት ነው።» ይህን ያለችን በምሠራበት የአውሮፓ ሙዚየም የደረቁ ዕፅዋትን ፎቶ አነሣስ የምታሠለጥነን ልጅ ናት። በእጇ የነበረው፣ ቅጠሉ የተለጠፈበት ወረቀት ላይ የዕፅዋት ሰብሳቢው የሺምፐር ስም አለ፣ የታተመ ቁጥር አለ፣ አድዋ አጠገብ ያለው የሶሎዳ ተራራም ተጽፎበታል። ያን ሁሉ «ቀሪው ጽሑፍ» ብላ አለፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ዕፅዋት የተማርኩት አራት ኪሎ ነው። መናገሻ ሱባ ለመስክ ሥራ ስንወጣ ቁጥር ሳይሰጠው ጋዜጣ ውስጥ የሚገባ ቅጠል አልነበረም። ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፋል፤ ያው ቁጥር ደግሞ ከቦታው፣ ከከፍታውና ከአበባው ቀለም ጋር ደብተር ላይ ይሰፍራል። ሰብሳቢ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ዓመቱ ቢለወጥ፣ ክፍለ ሀገሩ ቢለወጥ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይጀምርም። ከአንድ ግንድ የተቆረጡ ቅርንጫፎች ሁሉ አንድ ቁጥር ይይዛሉ። አንዱ ብሔራዊ ሄርባሪየማችን፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያችን፣ ይቀራል፤ ሌላው ኪው ወይም ኡፕሳላ ወዳሉ የአውሮፓ ሄርባሪየሞች ይሄዳል። ስሙና ቁጥሩ አንድ ላይ ሲነበቡ እንደ ሰው ስም ከነአባቱ ናቸው፤ ማን እንዳመጣውና ከየት እንደመጣ ያን ይዞ ደብተሩን መጠየቅ ነው።

ይህን አሠራር ኋላ ቀር ነው የሚለኝ ካለ የበርሊንን ታሪክ ላስታውሰው። የበርሊን ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 በአየር ድብደባ ሲቃጠል አብዛኛው ስብስቡ ወድሟል፤ ከኢትዮጵያ ከሄደውም ብዙው አብሮ ነደደ። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ እስኪሞት ድረስ የሰበሰባቸው ዕፅዋት ግን ቅጂያቸው ወደ ፓሪስ፣ ወደ ኪው፣ ወደ ኤዲንብራ ተልኮ ነበር። በርሊን የነደደው ወረቀት የየትኛው ቅጂ እንደነበር የእጽዋት ሊቃውንት የለዩት በምን ይመስላችኋል? በሰብሳቢው ስምና በቁጥሩ ነው። ያኔ ባርኮድ የሚባል ነገር ሄርባሪየም ውስጥ አልነበረም።

ከዕፅዋት ውጭም እንዲሁ ነው፤ ቅሪተ አካሏ ድንቅነሽም እኮ ባለ ቁጥር ናት። ሳይንስ የሚያውቃት ኤ.ኤል. 288-1 ብሎ ነው፤ የአፋር 288ኛ ቦታ፣ ከዚያ ቦታ የመጀመሪያዋ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከሐዳር የተገኘችው ዛሬ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ብትሆንም ቁጥሯ አፋርን አልለቀቀም። የባርኮዱ ቁጥር የሚጀምረው ግን ወረቀቱ በተቀመጠበት ቤት ምልክት ነው፤ ኪው ከሆነ በኬ፣ ፓሪስ ከሆነ በፒ። ከሶሎዳ የተለቀመ ቅጠል መለያው ላይ ሶሎዳ የለችም። ይህ ያንገበግበኛል።

ደግሞ እውነቱ መነገር አለበት። የሺምፐር ቁጥሮች ራሳቸው ያደናግራሉ፤ በተለያዩ ዓመታት በሰበሰባቸው ስብስቦች ውስጥ ያው ቁጥር ለሌላ ዕፅ ተሰጥቶ ይገኛል፣ ስለዚህ ዓመቱን ሳያዩ መወሰን አይቻልም። ባርኮድ እንዲህ አያደርግም፤ አንድ ወረቀት አንድ ቁጥር፣ ያ ቁጥር ዳግመኛ ለሌላ አይሰጥም። በዚያ ላይ በርሊንን የመሳሰሉ ቤቶች ለእያንዳንዱ ወረቀት ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ ሰጥተውታል። የብዙ ኢትዮጵያዊ ዕፅዋት የመጀመሪያ መለያ ናሙና፣ ማለትም ስማቸው የወጣበት ወረቀት፣ ያለው አውሮፓ ነው፤ ድሮ እሱን ለማየት ወይ ቪዛ ወይ ሙዚየሙ በውሰት እስኪልከው መጠበቅ ነበር። አሁን አራት ኪሎ የተቀመጠ ተማሪ የቅጠሉን ጠርዝ በስልኩ አጉልቶ ያያል። ይህን ያመጣው ባርኮዱና ፎቶው ነው፤ አሠልጣኛችንም የለፋችው ለዚሁ ነው።

ይሁንና ባርኮዱ ብቻውን የማይሠራው አለ። ከአንድ ግንድ የተቆረጡት ቅርንጫፎች ኪው፣ ፓሪስና ኤዲንብራ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ መሆናቸውን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የሰብሳቢውን ስምና ቁጥር ሰው ከተየበለት ብቻ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ መጀመሪያ የሚተየበው የዕፁ ስምና አገሩ ነው፤ ቀሪው ሌላ ጊዜ ይደረስበታል ይባላል። ያ ሌላ ጊዜ ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ በድሮ ጀርመንኛ አጻጻፍ የተዛባውን የሰሜንና የትግራይ ቦታ ስም አይቶ «ይህ እኮ እዚያ ነው» ሊል የሚችለው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ በየሙዚየሙ የምትሠሩ የአገሬ ልጆች፣ ባርኮዱን ለጥፉ፣ ፎቶውንም አንሡ፤ የሰብሳቢውን ስም፣ ቁጥሩንና የቦታውን ስም ሳትተይቡ ግን ወረቀቱን ወደ መደርደሪያው አትመልሱ። አለቃችሁ «ቀሪው ጽሑፍ ይቆይ» ካለ የኢትዮጵያዎቹን ወረቀቶች የመተየቡን ሥራ እናንተ ጠይቃችሁ ውሰዱ።