አንድ ለአንድ

«ሌባ! ኧረ ሌባ!»

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቶሮንቶ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ፣ በረዶው የምድር ቤቴን መስኮት ሊሸፍን ጥቂት የቀረው ምሽት ላይ ይህን ጩኸት ሰማሁና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ሌባ የለም። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው የቤቱ ባለቤት ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። ጣታቸውን የቀሰሩትም ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሸሚዝ በለበሰ ሰው ላይ ነው። ለካ ዳኛው ነው!

አንባቢዬ፣ የበረዶ ሆኪን አይተህ የማታውቅ ከሆነ የገና ጨዋታችንን አስብ። ቆልማማው ዱላ አለ፤ በጥንጓ ፈንታ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ነገር አለች፤ ሜዳው ግን በረዶ ነው፣ ተጫዋቹም ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታል። እኛ ዘንድ በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም ይባላል። እዚህ ግን ቁጣው ሁሉ ዳኛው ላይ ነው። ምክንያትም አለው። በየወገኑ ከነበረኛው ስድስት ሰው ይሰለፋል። አንዱ ባላጋራውን በዱላ ጠልፎ ከጣለ ለሁለት ደቂቃ ወጥቶ እንደ ተቀጣ ተማሪ ለብቻው ይቀመጣል፤ ጓደኞቹም ሰው ጎድሎባቸው ይጫወታሉ። አንዲት ፊሽካ ጨዋታውን ልትገለብጠው ትችላለች።

ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ አገር ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ቡድናቸው ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ነው። «ዳኞቹ አይወዱንም፤ የዛሬ ነገር መሰለህ?» ይላሉ። ማስረጃ ሲጠየቁ እንደ ርስት ተሟጋች ቀኑን ቆጥረው ይነሣሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 27 ቀን 1993፣ ሎስ አንጀለስ! ቶሮንቶ በጨዋታ ሦስት ለሁለት ይመራል፤ አንድ ቢጨምር ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ያልፋል። አራት እኩል ሆነው ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። የሎስ አንጀለሱ ዌይን ግሬትስኪ ዱላው ከፍ ብሎ የዳግ ጊልሞርን አገጭ መታው፤ ደም ፈሰሰ። ያን ጊዜ ሜዳ ላይ የነበረው ዋና ዳኛ አንድ ብቻ ነው፤ ዛሬ ሁለት ናቸው። ዳኛው ኬሪ ፍሬዘር አላየም። የመስመር ዳኞቹን ቢጠይቅ እነሱም አላዩም። ቅጣት የለም። ጥቂት ቆይቶ ጎሉን አግብቶ ጨዋታውን የጨረሰው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ግሬትስኪ! በሰባተኛውም ጨዋታ ሦስት አገባና የቶሮንቶ ነገር በዚያው አበቃ። ከ1967 ጀምሮ ዋንጫ የናፈቀው ደጋፊ ይህን እንዴት ይርሳ? ፍሬዘርም በኋላ ስሕተቱን አምኗል።

እኔ ደግሞ የሒሳብ ተማሪ ነኝና በአንድ ታሪክ አልረታም አልኩ። «ጋሼ፣ ለምን አንቆጥርም?» አልኳቸው። ዘንድሮ ደብተር ገዝተን በአንድ ወገን የኛን ቅጣት፣ በሌላው የባላጋራውን እየጻፍን አንድ ወር ከረምን። ሁለቱ ዐምዶች እምብዛም አይበላለጡም።

«ይኸው! ታዲያ የጠላዎት ማነው?» ብዬ ተኮፈስኩ።

ጋሼ ደብተሩን አገላበጡ። «እኔን የሚያስጠረጥረኝ እኮ ይሄው ነው። ሰው ሁልጊዜ እኩል ያጠፋል እንዴ? እኛ ሁለቴ ከተቀጣን ቀጣዩ የነሱ ነው፤ ተራ እንደሚጠብቅ ታክሲ!»

ሳቅኩ። በኋላ ግን ባነብ ጋሼ ያዩትን ሌሎችም አይተውታል። የብዙ ዓመት ጨዋታ የቆጠሩ ተመራማሪዎች፣ አንድ ቡድን ከተቀጣ በኋላ ቀጣዩ ቅጣት ወደ ሌላው እንደሚያዘነብል ጽፈዋል። ማርች 23 ቀን 2021 ደግሞ ናሽቪልና ዲትሮይት ሲጫወቱ ቲም ፒል የተባለው ዳኛ አንድ የናሽቪል ተጫዋች ቀጣ። ማይክሮፎን ክፍት ኖሮ፣ ጥፋቱ ያን ያህል እንዳልነበረ፣ ናሽቪልን በጊዜ የሚቀጣበት አጋጣሚ ይፈልግ እንደነበር ሲናገር በቴሌቪዥን ተሰማ። ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ሊጉ በማግስቱ ዳግም እንደማያሰማራው አስታወቀ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን? እኔም ፊሽካ ነፍቻለሁና።

ባለፈው ሐምሌ የሐበሻ ልጆች መናፈሻው ሜዳ ላይ እግር ኳስ ሲጫወቱ ዳኛ ጠፋና ፊሽካው እኔ እጅ ገባ። የአረንጓዴዎቹ በረኛ የጋሼ የልጅ ልጅ ነው፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ለአረንጓዴዎቹ የማይገባ ሪጎሬ ሰጠሁ። ወዲያው ስሕተቴ ገባኝ፤ ግን ፊሽካ አይዋጥም። መቺው ወደ ሰማይ ሰደዳት፤ እፎይ አልኩ። የቢጫዎቹ ወላጆች ግን «አዳላ! አዳላ!» እያሉ ጆሮዬን በሉት። በሁለተኛው አጋማሽ የቢጫዎቹ አጥቂ እየገሰገሰ መጣ። ልጁ ወጣና ኳሷን ጥርት አድርጎ ያዛት፤ አጥቂው በላዩ ወደቀ። ጥፋት አልነበረም። አየሁ እኮ! ነፋሁ። ሪጎሬ። አንድ ለባዶ አለቀ።

«ይህ ነው ዳኛ፤ አንድ ለአንድ!» ብለው ጨበጡኝ። ልጁ ብቻ መጥቶ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ሕግ ነው» አልኩት።

እንግዲህ ያን ልጅ ጠልቼው ነበር? ኧረ እወደዋለሁ! ለዚህ ነው ጋሼ የዳኛውን ጥላቻ ሲፈልጉ ያልተስማማሁት። ቶሮንቶን የሚጠላ ዳኛ መኖሩን ደብተራችን አላሳየንም። እኔ ግን ለቢጫም ለአረንጓዴም አላደላሁም፤ ያደላሁት ለራሴ ነው፤ ሰላም ብዬ ቤቴ ልገባ። የኔ ጨዋታ በደብተራችን ቢጻፍ ንጹሕ ይመስል ነበር፤ አንድ ሪጎሬ እዚህ፣ አንድ ሪጎሬ እዚያ። ሁለት በደል ተደምሮ ፍትሕ አይወጣውም።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባል ነበር። ዳኛው ራሱ ተናጋሪ ሲሆን ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለልጁ ንገረው።»

ቅዳሜ ነገርኩት። ኳሷን በእግሩ እያንከባለለ ሰማኝ።

«ለሌሎቹስ ነግረሃቸዋል?» አለኝ።

አልነገርኳቸውም ነበር። ያን ቀን ከጨበጡኝ ሰዎች መካከል ይህችን መጽሔት የሚያነቡ አሉ። ይኸው ነገርኳችሁ።